ኮምፒዩተሩ ለምን ይነዝራል?
በመኖሪያ ቤት ለተዘረጋ የሥራ ጠረጴዛ የኤሌክትሪክ ኃይልን ያለ አደጋ ስለ ማቅረብ

በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የመማሪያ ክፍሎች ሲዘጉ፣ እንደ ብዙዎቹ የሥራ ባልደረቦቻችን ሁሉ እኛም መጻሕፍታችንንና ኮምፒዩተራችንን ተሸክመን ወደ ቤት ገባን። በሳሎኑ ጥግ አንድ ጠረጴዛ አስቀመጥን። በዚያ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ የነበረው ሶኬት አንድ ብቻ ስለ ነበር አንድ ማከፋፈያ፣ ማለትም ብዙዎች ዲቫይደር የሚሉትን፣ ከመርካቶ ገዝተን ሰካንበት። ከማከፋፈያው ኮምፒዩተሩ፣ ስክሪኑ፣ ፕሪንተሩና የስልኩ ቻርጀር ኃይል ያገኙ ጀመር። ሥራውም ቀጠለ።

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ወለሉ ገና ታጥቦ ሳይደርቅ፣ የሰባት ዓመት ልጃችን በባዶ እግሯ መጥታ የኮምፒዩተሩን የኋላ ብረት ነካች። «አባዬ፣ ኮምፒዩተሩ ነከሰኝ!» ብላ ጮኸች። የጠራነው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነገሩን አቀለለው፤ «ኖርማል ነው፣ ኮምፒዩተር ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ ጫማ አድርጉ» አለን። ለዓመታት ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት ስናስተምር የቆየን ሰዎች ይህንን መልስ ተቀብለን ለሁለት ቀን ያህል ዝም ማለታችንን ስናስታውስ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። በሦስተኛው ቀን የመለኪያ መሣሪያችንን አውጥተን፣ በግቢው እርጥብ አፈር ላይ በተተከለ ብረትና በኮምፒዩተሩ የብረት ሣጥን መካከል ያለውን ቮልቴጅ ለካን። መለኪያው 104 ቮልት አሳየ።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ ቁጥር ነው።

የ104 ቮልት ምስጢር

የሀገራችን የመኖሪያ ቤት ቮልቴጅ 220 ቮልት፣ ድግግሞሹም 50 ኸርዝ መሆኑ የታወቀ ነው። መለኪያው ያሳየው ቁጥር ከዚህ ግማሽ ጋር መቀራረቡ በአጋጣሚ አይደለም። በኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኘው ፓወር ሰፕላይ የመጣለትን ኃይል በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ ወደሚፈለገው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ይለውጠዋል። ይህ መቆራረጥ የሬዲዮ ረብሻ ይፈጥራል። ረብሻው ወደ ቤቱ መስመር ተመልሶ እንዳይወጣ ሠሪዎቹ በመግቢያው ላይ ማጣሪያ ያደርጉለታል። የማጣሪያው አካል ከሆኑት መካከል ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች ይገኛሉ፤ አንዱ ከፌዙ ወደ ብረት ሣጥኑ፣ ሌላው ከኒውትራሉ ወደ ብረት ሣጥኑ የተያያዙ ናቸው። እንግዲህ ሣጥኑ የሁለት እኩል ካፓሲተሮች መገናኛ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ 220 ቮልቱን እኩል ስለሚካፈሉት መካከላቸው ላይ የሚገኘው ሣጥን 110 ቮልት አካባቢ ይይዛል።

ይህ ስሕተት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። መሐንዲሶቹ ሣጥኑ በመሬት ሽቦ በኩል ከመሬት ጋር ይገናኛል ብለው አስበዋል፤ በተገናኘ ጊዜም ያ ቮልቴጅ ወዲያውኑ ወደ ዜሮ ይወርዳል። እኛ በትምህርት ላይ በነበርንበት ሀገር ከአንድ ዓይነት ፋብሪካ የወጣ ኮምፒዩተር ለዓመታት ስንነካካ አንድም ቀን ነዝሮን አያውቅም ነበር። ልዩነቱ ያለው ከግድግዳው በስተኋላ ነው።

ልጃችን ብረቱን በነካች ጊዜ በሰውነቷ ያለፈው ከረንት ስንት ነበር? የእያንዳንዱን ካፓሲተር መጠን 4.7 ናኖፋራድ ብንወስድ፣ ይህም የተለመደ መጠን ነው፣ ሰው ሣጥኑን ከመሬት ጋር ሲያገናኘው በፌዙ በኩል ባለው ካፓሲተር የሚያልፈው ከረንት የቮልቴጁ፣ የድግግሞሹ፣ የካፓሲተሩ መጠንና የ2π ብዜት ነው፤ ሒሳቡ 0.32 ሚሊአምፒር ገደማ ይሰጣል። አብዛኛው ሰው ከግማሽ ሚሊአምፒር በታች የሆነውን ብዙም ስለማያስተውለው ነገሩ በዚህ ማብቃት ነበረበት። ነገር ግን በእኛ ማከፋፈያ ላይ የተሰኩት መሣሪያዎች ሦስት ነበሩ። በማከፋፈያው ውስጥ ያለው የመሬት ሽቦ ከግድግዳው ጋር ባይገናኝም እንኳ የሦስቱን መሣሪያዎች ብረት እርስ በርስ ያገናኛል። የሦስቱም ፍሳሽ ተደምሮ ወደ አንድ ሚሊአምፒር ይጠጋል። በእርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ለቆመች ሕፃን ይህ «ነከሰኝ» ለማሰኘት በቂ ነው።

አሳሳቢው መንዘሩ አይደለም

አንድ ሚሊአምፒር አይገድልም። የሚያስፈራው መንዘሩ የሚነግረን ነገር ነው፤ በቤቱ ውስጥ የመሬት ሽቦ የለም ማለት ነው። ከሦስቱ መሣሪያዎች በአንዱ ውስጥ፣ ለምሳሌ በአሮጌው ፕሪንተር ውስጥ፣ የፌዙ ሽቦ መከለያ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፣ በማከፋፈያው የመሬት ሽቦ አማካይነት የኮምፒዩተሩም የስክሪኑም ብረት በአንድ ጊዜ 220 ቮልት ይይዛል። በዚህ ጊዜ ከረንቱን የሚወስንለት ካፓሲተር በመካከል የለም። የእርጥብ ሰውነት ሬዚስታንስ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ስለሚችል፣ የሚያልፈው ከረንት 220 ሚሊአምፒር ይሆናል።

የዚህን ቁጥር ትርጉም በሚገባ ካስረዱት ሳይንቲስቶች አንዱ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ያስተምር የነበረው ቻርልስ ዳልዚል ነው። ዳልዚል ፈቃደኛ ሰዎችን እያስጨበጠ፣ ሰው የያዘውን ሽቦ በራሱ ኃይል መልቀቅ የሚችለው እስከ ስንት ከረንት ድረስ እንደ ሆነ ለካ። ለወንዶች በአማካይ 16 ሚሊአምፒር፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊአምፒር ሆኖ አገኘው። ከዚያ በላይ ሲሆን ጡንቻ ከባለቤቱ ትእዛዝ ውጭ ይኮማተራል፤ በሀገራችን «ኮረንቲ ያዘው» የምንለው አነጋገር ይህንኑ በትክክል ይገልጸዋል። በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊአምፒር በደረት በኩል ካለፈ ደግሞ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። 220 ሚሊአምፒር ከዚህ ሁሉ በጣም የራቀ ነው።

ብሬከሩስ? ይህ ጥያቄ ከተማሪዎቻችንም ዘወትር የሚነሣ ነው። 16 አምፒር የተጻፈበት ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። ሰውን የሚገድለው ከረንት ብሬከሩ ከሚቆጥረው ከመቶ እጅ ጥቂቱ ብቻ ነው።

መሬትን ስለ ማግኘት

የመጀመሪያው ሠራተኛ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ያቀረበልን መፍትሔ ፈጣንና ርካሽ ነበር። ሶኬቱን ከፍቶ በአጭር ሽቦ ኒውትራሉን ከመሬቱ መገናኛ ጋር ሊያያይዝ ተዘጋጀ። «ኒውትራል ያው መሬት ነው» አለ። መንዘሩ በእርግጥ ይጠፋ ነበር፤ መለኪያውም ዜሮ ያሳይ ነበር። ይሁንና ከምሰሶው ወደ ቤቱ የሚመጣው የኒውትራል ሽቦ አንድ ቀን ቢላቀቅ፣ ቤት ውስጥ በበራ አምፑል በኩል አልፎ የመጣው ፌዝ መመለሻ አጥቶ በዚያች አጭር ሽቦ በኩል ወደ ኮምፒዩተሩ ብረት ይወጣል። ቆጣሪው ጋ ሽቦዎቹ በስሕተት ቢለዋወጡም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሠራተኛውን አመስግነን አሰናበትነው። ይህ አሠራር በስንት ቤት እንዳለ ስናስብ ግን እንቅልፍ አይወስደንም።

ከውሃ ቧንቧ ጋር ማያያዝም በዱሮው ዘመን ይሠራበት የነበረ ዘዴ ነው። ዛሬ አብዛኛው አዲስ ቧንቧ ፕላስቲክ ስለ ሆነ ሽቦው የትም አይደርስም። የሚደርስ ከሆነ ደግሞ አደጋውን ወደ ጎረቤት መታጠቢያ ቤት መላክ ይሆናል።

ትክክለኛው መንገድ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ዘንግ በግቢው መሬት ውስጥ በጥልቀት ተክሎ፣ ከዚያ ራሱን የቻለ የመሬት ሽቦ እስከ ሶኬቱ ማምጣት ነው። ሆኖም ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ሒሳብ እዚህ ላይ አለ። በበጋ የደረቀ አፈር ላይ የተተከለ የአንድ ዘንግ ሬዚስታንስ 50 ኦም ነው እንበል። ፌዙ የመሣሪያውን ብረት ቢነካ በዘንጉ በኩል የሚያልፈው ከረንት 220 ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፒር ብቻ ነው። የ16 አምፒሩ ብሬከር ይህን እንደ አንድ ተራ ጭነት ስለሚቆጥረው አይዘጋም። ብረቱም 220 ቮልት አካባቢ እንደ ያዘ ይቆያል፤ ዘንግ አስተክለናል ብለን ግን ተማምነን እንቀመጣለን!

ክፍተቱን የሚሞላው ዳልዚል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1961 የፈለሰፈው ዓይነት መሣሪያ ነው፤ በእኛ ገበያ አርሲዲ ወይም አርሲሲቢ በሚል ስም ይገኛል። አሠራሩ ቀላል ነው። በፌዙ የሚሄደውና በኒውትራሉ የሚመለሰው ከረንት እኩል መሆን አለበት። ሁለቱም ሽቦዎች በአንድ የማግኔት ቀለበት ውስጥ ስለሚያልፉ እኩል እስከ ሆኑ ድረስ የሚፈጥሩት የማግኔት መስክ እርስ በርሱ ይጣፋል። ጥቂቱ ከረንት መንገድ ስቶ በብረት ወይም በሰው በኩል ወደ መሬት ከሄደ ሚዛኑ ይዛባል፤ መሣሪያውም ከሰከንድ ክፍልፋይ ባነሰ ጊዜ መስመሩን ይቆርጣል። ለቤት የሚመረጠው ልዩነቱ 30 ሚሊአምፒር ሲደርስ የሚዘጋው ነው። አሁን ወደ ሒሳቡ ብንመለስ፣ 30 ሚሊአምፒር በ50 ኦም ሲባዛ 1.5 ቮልት ነው። ደካማው ዘንግ ከአርሲዲ ጋር ሲጣመር በቂ ሆነ ማለት ነው። የመሬት ሽቦ ሊዘረጋ በማይቻልበት የኪራይ ቤት እንኳ አርሲዲው ብቻውን ብዙ ይረዳል፤ ሰውየው ድንጋጤው ይሰማዋል፣ ከረንቱ ግን ይዞት አይቆይም። አንድ እጅ በፌዝ ሌላው በኒውትራል ላይ ለዋለበት ሰው ግን ሚዛኑ ስለማይዛባ አርሲዲ ሊደርስለት አይችልም።

ስለ መሰኪያዎች አንድ ነገር እንጨምር። ዘመዶቻችን ከዱባይ የሚያመጡልን መሣሪያ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ያለው መሰኪያ አለው። ይህን ወደ ሁለት ክብ እግር የሚቀይረው ርካሽ አስማሚ ብዙ ጊዜ የመሬቱን እግር የትም አያደርሰውም። በደንብ የተሠራ የመሬት ሽቦ ያለው ቤት እንኳ በዚህች ትንሽ ፕላስቲክ ምክንያት መሬት አልባ ይሆናል። ከአሜሪካ በሚመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ጀርባ ላይ ደግሞ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ መሰል መምረጫ ካለ፣ ሳይሰኩት በፊት ወደ 230 መገፋቱ ይረጋገጥ። በ115 ላይ እንዳለ 220 ቮልት ቢሰጠው፣ ብዙውን ጊዜ ለ200 ቮልት የተሠሩት ሁለት ካፓሲተሮቹ እያንዳንዳቸው 311 ቮልት ይደርሳቸዋል፤ ፍንዳታውም ጎረቤት ያሰማል።

ኒውትራል ሲበጠስ

«መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃው ሁሉ ተቃጠለ» የሚለውን ያልሰማ የለም። ከምክንያቶቹ አንዱ በቀላል ሒሳብ ሊታይ ይችላል። ወደ ሠፈሩ የሚመጣው መስመር ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል አለው። በየትኞቹም ሁለት ፌዞች መካከል ያለው ቮልቴጅ 380 ነው። የእኛ ቤት በአንዱ ፌዝ፣ የጎረቤታችን ቤት በሌላው ላይ ናቸው እንበል። እኛ 300 ዋት ስንጠቀም ጎረቤታችን እንጀራ እየጋገሩ 3,500 ዋት ይጠቀማሉ። በ220 ቮልት ሲሰላ የእኛ ቤት ሬዚስታንስ 161 ኦም፣ የምጣዱ 13.8 ኦም ነው። የጋራው ኒውትራል ከምሰሶው ላይ ቢበጠስ ሁለቱ ቤቶች በ380 ቮልት ላይ በተከታታይ የተያያዙ ሁለት ጭነቶች ይሆናሉ። ቮልቴጁን እንደ ሬዚስታንሳቸው ይካፈሉታል፤ ለምጣዱ 30 ቮልት፣ ለእኛ ኮምፒዩተር 350 ቮልት። የጎረቤት እንጀራ ጥሬ ይቀራል፣ የእኛ ፓወር ሰፕላይ ይጨሳል።

በዚህ ጊዜ ተራው ስታቢላይዘር ከወሰኑ ያለፈውን ቮልቴጅ ሊያስተካክል አይችልም። «ሰርጅ ፕሮቴክተር» ተብሎ የሚሸጠው ማከፋፈያም የተሠራው ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍሎች ለማይበልጥ ግፊት ነው፤ ለደቂቃዎች በሚቆይ 350 ቮልት ራሱ ሊጋይ ይችላል። የሚረዳው ቮልቴጁ ከተወሰነለት መጠን ሲወጣ መስመሩን የሚቆርጥና ሲስተካከል ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚመልስ የቮልቴጅ መከላከያ ነው። እርሱ ከሌለ፣ አምፑሎች አንዳንዱ ቤት ውስጥ ከመጠን በላይ ሲደምቁ በሌላው ሲፈዝዙ ያየ ሰው ዋናውን ብሬከር ለመዝጋት አይዘግይ። መብራት በሄደ ጊዜም የኮምፒዩተሩን መሰኪያ መንቀል፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት መጠበቅ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ልማድ ነው።

የሚሞቀው የት ላይ ነው?

የኮምፒዩተር ጠረጴዛ ራሱ ብዙ ኃይል አይወስድም። ዴስክቶፕ 150 ዋት፣ ስክሪን 25፣ የላፕቶፕ ቻርጀር 65፣ ሞደምና ስልክ 20 ብንል ድምሩ 260 ዋት፣ ማለትም 1.2 አምፒር ነው። ችግሩ የሚመጣው ጠረጴዛው ዘንድ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ሻይ ሲያምረው ነው። የ1,800 ዋት የውሃ ማፍያ እዚያው ማከፋፈያ ላይ ሲሰካ 8.2 አምፒር ተጨማሪ ይፈስሳል። ብሬከሩ 16 ስለ ሆነ አይናገርም።

ከረንት በሬዚስታንስ ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጥረው ሙቀት ከከረንቱ ስኩዌር ጋር እንደሚያድግ ጄምስ ጁል ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መባቻ ነው። የላላ የሶኬት መንጋጋ ግማሽ ኦም ሬዚስታንስ አለው እንበል። ለኮምፒዩተሮቹ ብቻ ሲሆን በዚያ ነጥብ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት 0.7 ዋት ነው፤ ማንም አያስተውለውም። ለውሃ ማፍያው ብቻ ግን 33 ዋት ይሆናል። ይህም የራዲዮ ጠጋኞች ቆርቆሮ የሚያቀልጡበት መበየጃ ኃይል ነው፤ ያውም በፕላስቲክ ተከብቦ። በንጽጽር፣ አምስት ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 0.75 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ በሙሉ የሚያወጣው ሙቀት 15 ዋት ገደማ ሲሆን ያውም በአምስት ሜትር ላይ የተበተነ ነው። ገመዱ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። እንግዲህ ሶኬቱ ሲነካ ከሞቀ፣ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ መተካት ያለበት ዛሬ ነው። ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ መሰካት ደግሞ እነዚህን የላሉ መንጋጋዎች ማብዛት ነው።

ማከፋፈያው ወለል ላይ ባይቀመጥ ይመረጣል። ወለል በሚታጠብበት፣ በክረምት ጣሪያ በሚያፈስበት፣ በበዓል ቀን እርጥብ ቄጠማ በሚጎዘጎዝበት ቤት ውስጥ ከጠረጴዛው እግር ላይ ከፍ ብሎ መታሰር ይገባዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ መሆኑንም አንርሳ። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ የሚያመላልሰው አየር ክብደት ያነሰ ስለ ሆነ መሣሪያው ይበልጥ ይሞቃል። በብዙ ፓወር ሰፕላዮች ላይ «እስከ 2,000 ሜትር» የሚል ምልክት የሚገኘው በከንቱ አይደለም።

ስለ ዩፒኤስ በአጭሩ

ዩፒኤስ ሥራን ቆጥቦ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ለመዝጋት እንጂ መብራት እስኪመጣ ለመሥራት የተሰናዳ አይደለም። 650 ቪኤ የተጻፈበት ትንሹ ዓይነት በውስጡ ብዙውን ጊዜ አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ይይዛል፤ ይህም 84 ዋት-ሰዓት ነው። 185 ዋት ለሚወስድ ዴስክቶፕ፣ ስክሪንና ሞደም በወረቀት ላይ 27 ደቂቃ ይሆናል። ባትሪው በፍጥነት ሲራገፍ ሙሉ አቅሙን ስለማይሰጥና በመለወጡ ሂደትም ጥቂት ስለሚባክን በተግባር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ ተገቢ ነው። ባዶውን ለቀናት የቆየ የሊድ ባትሪ በሰልፌት ክምችት ይበላሻልና ከተራገፈ በኋላ ቶሎ ይሞላ። ሌዘር ፕሪንተር ወረቀቱን ሲያሞቅ በመቶዎች የሚቆጠር ዋት በአንድ ጊዜ ስለሚስብ ከዩፒኤስ ጀርባ አይሰካም። ከሁሉም በላይ፣ ከግድግዳ የተነቀለ ዩፒኤስ 220 ቮልት ማውጣቱን እንደሚቀጥል የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቅ።

የእኛ ጠረጴዛ ዛሬም በዚያው ጥግ ነው። ከአከራያችን ጋር ተነጋግረን በግቢው ዘንግ አስተከልን፤ የመሬት ሽቦ እስከ ሶኬቱ ተዘረጋ፤ ከብሬከሩ ጎን አርሲዲ ተገጠመ። ወጪው ከአንድ የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ዋጋ ብዙም አልራቀም። በሣጥኑና በመሬት መካከል የምንለካው ቮልቴጅ ከአንድ በታች ወርዷል። አርሲዲው ላይ መሥራቱን የምንፈትሽበት «ቲ» የሚል ፊደል የተጻፈበት ትንሽ ቁልፍ አለ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጃችን ወንበር ላይ ቆማ ትጫነዋለች፤ ቤቱ ጨለም ይላል፣ እርሷም መልሳ ታበራዋለች።